ወርቁን ዓሣ ማን ሠራው?

ሰው በድንጋይ ላይ ቀርጿል፤ በእንጨት ላይ ጠርቧል፤ በብራና ላይ ስሏል፤ በቃልም ተቀኝቷል። የእነዚህን ሥራዎች ታሪክ ለማጥናት ስንነሣ ድንጋዩ ከቆመበት፣ ብራናው ከተቀመጠበት ቦታ ሄደን እንመረምራለን። ነገር ግን ሰው በአንድ ሌላ ነገር ላይም ጥበቡን አሳርፏል፤ እርሱም ሕይወት ባለው ሥጋ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሠሪው ከሞተ በኋላ በራሱ ጸንቶ አይቆምም። መብላት፣ መተንፈስ፣ መራባት ይፈልጋል፤ የሚንከባከበው እጅ ካጣም በጥቂት ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። ከእነዚህ ሕያዋን ሥራዎች መካከል በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው፣ ምናልባትም በቁም ነገር ሳይታይ የቀረው፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኘው ወርቃማ ዓሣ ነው።

ይህን ዓሣ አብዛኞቻችን የምናውቀው በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በምግብ ቤት ማዕዘን ወይም በአንዳንድ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህም የድሎት ምልክት፣ የሥራ ፈት መዝናኛ አድርገን እንቈጥረዋለን። ታሪኩን የሚያወሱ ብዙ ጽሑፎችም ይህንኑ አስተያየት ያጠናክራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገንዳ አስቈፈሩ፣ መስፍኑ ከሩቅ አገር አስመጣ፣ እመቤቲቱ በስጦታ ተቀበለች እያሉ ይተርካሉና። በዚህ አተራረክ ዓሣው ከቤተ መንግሥት ተወልዶ ወደ ቤተ መንግሥት የተሰደደ ይመስላል። ዳሩ ግን የቻይና የጽሑፍ ማስረጃዎች በጥሞና ሲመረመሩ ሌላ ታሪክ ይወጣል፤ ይኸውም ቤተ መንግሥቱ፣ በሁለቱም የቃሉ ትርጉም፣ የዓሣው ገዢ እንጂ ሠሪው አለመሆኑ ነው። የሠሩት ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ሰዎች እጅ በሥራቸው ላይ ለይቶ ማየት ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሕረት ያተረፈው ቀለም

የወርቃማው ዓሣ የዱር ዘር በምሥራቅ እስያ ወንዞችና ኩሬዎች የሚኖር፣ መልኩ ወደ አመድማ አረንጓዴ የሚያደላ ዓሣ ነው። የካርፕ ቤተሰብ ነውና፣ ከውጭ ገብቶ በዝዋይ ሐይቅና በቆቃ ግድብ የተስፋፋውን ካርፕ ያየ ሰው የዘመዱን መልክ አይቷል ማለት ይቻላል። ይህ ደብዛዛ መልክ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ከጭቃው ጋር እየተመሳሰለ ከዓሣ በል ወፍ ዐይን ይሰውረዋል። አልፎ አልፎ ግን ጥቁሩ ቀለም የጐደለው፣ ስለዚህም ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ የሚታይ ዓሣ ይወለዳል። በተፈጥሮ ሕግ እንዲህ ያለው ፍጡር ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚታየው፣ ከሁሉ በፊት የሚበላው እርሱ ነውና።

ከጂን ዘመነ መንግሥት (265–420) ጀምሮ ቀይ ቅርፊት ያላቸው ዓሦች ስለ መታየታቸው የቻይና ጽሑፎች ያወሳሉ። እነዚህን ዓሦች ከመበላት ያዳናቸው የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ልማድ ነው። በዚህ ሃይማኖት የተያዘን እንስሳ ነፃ መልቀቅ እንደ ጽድቅ ሥራ ስለሚቈጠር በየገዳማቱ አጠገብ የምሕረት ኩሬዎች ነበሩ፤ ያልተለመደ መልክ ያለው ዓሣ የተገኘ እንደሆነም ወደዚያ ይለቀቅ ነበር። በሃንግዡ ከተማ በሊዩሄ ግንብ አጠገብ በነበረው ኩሬ ስለሚዋኙት ወርቃማ ዓሦች የሶንግ ዘመን ባለቅኔ ሱ ሹንቺን (1008–1048) በግጥሙ አንሥቷል፤ ኋላም በዚያው ከተማ በሹመት ያገለገለው ታላቁ ባለቅኔ ሱ ሺ (1037–1101) ዓሦቹን በዐይኑ እንዳያቸው መስክሯል። እንግዲህ የወርቁ ዓሣ የመጀመሪያ ቤት የቤተ መንግሥት ገንዳ ሳይሆን የምሕረት ኩሬ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በዚያ ደረጃ ዓሣው ገና የተጠበቀ እንጂ የተሠራ አልነበረም።

ከበሩ ውጭ የነበሩ ሰዎች

የሥራው መጀመሪያ የሚታየው ሃንግዡ በ1138 የደቡብ ሶንግ መንግሥት መቀመጫ ከሆነች በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ጋኦዞንግ በ1162 ዙፋኑን ለቆ በገባበት በዴሾው ቤተ መንግሥት የወርቅ ዓሣ ገንዳ እንደነበረ ይነገራል። ብዙ ጸሐፊዎች የዓሣውን ታሪክ የሚጀምሩት ከዚህ ገንዳ ነው፤ እኛ ግን ዓሣውን ለገንዳው ማን አቀረበው? ብለን እንጠይቅ።

መልሱ በዘመኑ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ አለ። የዝነኛው የጦር አለቃ የዩኤ ፌይ የልጅ ልጅ የሆነው ዩኤ ከ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው ማስታወሻ፣ በዋና ከተማዪቱ ዓሣን ወደ ወርቅ መልክ መለወጥ የሚችሉ አርቢዎች እንዳሉ፣ መኳንንቱም ድንጋይ እያስፈለፈሉ ገንዳ በመሥራት ከእነርሱ የወሰዱትን ዓሣ በደጃቸው እንደሚያኖሩ ይገልጻል። ጥበባችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ አርቢዎቹ ምሥጢራቸውን አያወጡም ነበር። ሰዎች የሚያወሩት ከከተማው ቦይ የሚገኘውን ትንሽ ቀይ ትል እየመገቡ ቀለሙን ያወጡታል፣ ዓሣውም በመጀመሪያ እንደ ብር ነጥቶ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ፣ በመጨረሻ ወርቅ ይሆናል እያሉ ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ስለ ከተማዪቱ ኑሮ የጻፈው ዉ ዚሙም ወርቃማ፣ ብርማ ነጭና ዝንጉርጉር ዓሦችን ጠቅሶ፣ እነዚህ የሚረቡት ከቺያንታንግ በር ውጭ እንደሆነ፣ ወደ ከተማ እየገቡም እንደሚሸጡ ነግሮናል።

እነዚህ ሁለት ምስክርነቶች ታላቅ ትርጉም አላቸው። በቅጥሩ ውስጥ የሚኖረው መኰንን ገንዘቡንና ገንዳውን ያውቃል፤ ከበሩ ውጭ የሚኖረው አርቢ ግን ዓሣውን ያውቃል። ዛሬ እንደምንረዳው ወርቃማ ዓሣ ከእንቁላል ሲፈለፈል ደብዛዛ ሆኖ ይወለዳል፤ ወርቃማ መልኩን የሚያገኘው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትናንት ጠቁሮ ያየው ዓሣ ዛሬ ቀልቶ ሲያገኘው አስማት ይመስለዋል። አርቢው ግን የትኛው ጥንድ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሰጥ፣ ቀለሙ መቼ እንደሚወጣ፣ ትሉ ከየትኛው ቦይ እንደሚገኝ ከአባቱ ተምሮ፣ በራሱ ልፋት አዳብሮ ያውቃል። ምሥጢሩን መደበቁም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከዚያ ዕውቀት በቀር ሌላ ርስት አልነበረውምና።

ከኩሬ ወደ ጋን

በሚንግ ዘመነ መንግሥት (1368–1644) አንድ ተራ የሚመስል ለውጥ ተደረገ፤ ዓሣው ከኩሬ ወጥቶ በሸክላ ጋን ውስጥ መኖር ጀመረ። የዘሮቹ መብዛት ምክንያት ይህ ለውጥ መሆኑን በ1950ዎቹ የዓሣውን ታሪክ በጥልቀት ያጠናው ቻይናዊው የዘር ሳይንስ ሊቅ ቸን ጀን (1894–1957) በሚገባ አስረድቷል። ኩሬ መሬት ይፈልጋል፤ መሬት ያለው ደግሞ ባለጸጋ ነው። ጋን ግን በጠባብ ግቢ፣ በደሀ ደጃፍም ይቀመጣል። ከዚህም በላይ በኩሬ ውስጥ መቶ ዓሣ እንደ አንድ መንጋ ሲታይ፣ በጋን ውስጥ እያንዳንዱ ዓሣ ለብቻው ይታያል፤ ሴቷንና ወንዱን ለይቶ ማዳቀል፣ የተሻለውን ከሌላው መምረጥ ይቻላል። በኩሬ ውስጥ ከፈጣኖቹ ጋር ተሻምቶ መብላት ሳይችል የሚሞተው ዘገምተኛና እንግዳ ቅርፅ ያለው ዓሣም በጋን ውስጥ በሕይወት ይቆያል።

ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ታየ። የሃንግዡው ጸሐፊ ላንግ ዪንግ እንደሚመሰክረው ከ1548 ወዲህ በከተማዋ ከቅላቱ የተነሣ የእሳት ዓሣ የተባለ ዘር ወጥቶ ዓሣውን የማይወድ ሰው፣ የማያረባው ቤት ጠፋ፤ ሰዎች በቀለም እየተፎካከሩ፣ በሽያጩም እየተጠቀሙ፣ እስከ ዐሥርና ከዚያም በላይ ጋን የሚይዙ ተገኙ። ዝነኛው የመድኃኒት ሊቅ ሊ ሺጀንም በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በታተመው መጽሐፉ፣ በሶንግ ዘመን መረባት የጀመረው ይህ ዓሣ በእርሱ ጊዜ በየቤቱ እንደሚገኝ ጽፏል። የዓሣው ዓይነት የበዛውና ጥበቡ የተራቀቀው በየመንደሩ ግቢ ውስጥ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በ1596 ዣንግ ቺያንደ የተባለ ወጣት ምሁር ስለ ቀይ ዓሣ ብቻ የሚናገር የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጻፈ። በውስጡ የሰጠው ምክር የጥበቡ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ይኸውም በየዓመቱ በበጋ ብዙ ዓሣ ከገበያ ገዝቶ በየጋኑ መከፋፈል፣ ከዚያም በየቀኑ ደካማውን እያስወገዱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ማስቀረት ነው። ባለቅኔ ይህን ምክር ሲያነብ የራሱን ሥራ ያያል። ቃል በብዛት ይመጣል፤ ጥበቡ ያለው በመጣሉ ላይ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ምሁሩ ዓሣውን ከገበያ ሲገዛ ምርጫው አስቀድሞ በአርቢው እጅ የተጀመረ መሆኑን ነው። ምሁሩ ሕጉን በብዕር ጻፈው፤ አርቢው በሕይወት ኖረው።

ዓሣው በሕዝቡ ቋንቋና ኪነ ጥበብ ውስጥም ገባ። በቻይንኛ የስሙ ድምፅ ወርቅና የከበረ ድንጋይ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዓሣ የሚለው ብቻውን ደግሞ ትርፍና ጥጋብ ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ስላለው፣ በሸክላ ዕቃና በሥዕል ላይ የተሳለ ወርቃማ ዓሣ የመልካም ምኞት መግለጫ ሆነ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰሙ ዓሣው ሲሆን ወርቁ ጥጋብ ነው።

ገበቴና መስታወት

ዓሣው ወደ ጃፓን የደረሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን በልማድ የሚጠቀሰው ዓመት 1502፣ ቦታውም የሳካይ ወደብ ነው። በ1724 ያናጊሳዋ ዮሺሳቶ የተባለው መስፍን ወደ ኮሪያማ ግዛት ሲዛወር ዓሣ የማርባት ልማድ ከእርሱ ጋር እንደገባ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን የያዙት ደመወዛቸው ያልበቃቸው ዝቅተኛ ሳሙራዮች ናቸው፤ የፊውዳሉ ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ቀለብ የተቋረጠባቸው ሳሙራዮችና ገበሬዎች መተዳደሪያ አደረጉት። ያማቶኮሪያማ የተባለችው ይህች ከተማ እስከ ዛሬ በወርቃማ ዓሣ እርባታ የታወቀች ናት። በኤዶ ከተማም፣ ማለት በዛሬዋ ቶኪዮ፣ አዟሪዎች ዓሣውን በእንጨት ገበቴ ውስጥ አድርገው፣ ገበቴውን በትከሻ እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው፣ በበጋ ሙቀት በየሰፈሩ እየጮኹ ይሸጡ ነበር።

ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1758 ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። በ1850 ደግሞ እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከውኃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን እንደሚሰጥ፣ ቀንድ አውጣውም የበሰበሰውን ቅጠል እያጸዳ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ማሳየቱን ለሥራ ጓደኞቹ አቀረበ። ዛሬ በየቤቱ የምናየው አኳሪየም ከእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ የተወለደ ነው።

መስታወቱ የተመልካቹን ዐይን ቦታ ለወጠው። በኩሬ፣ በጋንና በገበቴ ዓሣ የሚታየው ከላይ ነው፤ በመስታወት ግን ከጐን ይታያል። የቀድሞዎቹ አርቢዎች የጀርባን ስፋትና የጅራትን አዘረጋግ ከላይ እያዩ መርጠዋል። ስለዚህ አንዳንድ ዘሮች በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲታዩ ውበታቸው ግማሹ ይሰወራል። በአዳራሽ እንዲነበብ የተጻፈን ቅኔ በሹክሹክታ እንደ ማንበብ ነው።

ዓሣውን ማንበብ

እንግዲህ በመስታወት ፊት ቆሞ ዘሮቹን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ከቀለም አይጀምር፤ ቀለም ያታልላል፣ ከዕድሜም ጋር ይለዋወጣል። መጀመሪያ ጅራቱን ይመልከት፤ ነጠላ ነው ወይስ ጥንድ? ቀጥሎ ጀርባው ላይ ክንፍ አለ ወይስ የለም? ከዚያ ዐይኑን፣ ራሱንና ቅርፊቱን ይመርምር። ቻይናውያን አርቢዎች በዚህ መንገድ ዘሮቹን በአራት ወገን ከፍለዋቸዋል።

የመጀመሪያው ወገን የሣር ወርቅ ይባላል። ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ ጅራቱ ነጠላ፣ ለዱር አባቱ የቀረበ ነው። ተራው ወርቃማ ዓሣ፣ ረጅም ጅራት ያለው ኮሜትና በ1900 አካባቢ በጃፓን የወጣው ዝንጉርጉሩ ሹቡንኪን በነጠላ ጅራታቸው ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ወገን ዌን ይባላል፤ ትርጉሙም ጽሕፈት ማለት ነው። አጭር ሰውነቱና የተዘረጋው ጥንድ ጅራቱ ከላይ ሲታዩ ይህን ቃል የሚወክለውን የቻይና ፊደል ስለሚመስሉ ነው ስሙ የወጣለት። ከራሱ ኋላ ጉብ ያለ ትከሻ ያለው ሪዩኪንና በራሱ ላይ እንጆሪ መሳይ ሥጋ የሚያበቅለው ኦራንዳ ከዚህ ወገን ናቸው። ኦራንዳ ማለት በጃፓንኛ ሆላንድ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ብርቅ ነገር ሁሉ ከሆላንዶች መርከብ ጋር ይያያዝ ስለነበር ቻይናዊው ዓሣ የሆላንድ ስም ወረሰ።

ሦስተኛው ዘንዶ የሚባለው ወገን ነው፤ ዐይኖቹ ከራሱ ወጣ ብለው እንደ መነጽር ይታያሉ። ጥቁሩ ሙር በዚህ ይታወቃል። አራተኛው እንቁላል ይባላል፤ የጀርባ ክንፍ ፈጽሞ የለውም። የአንበሳ ራስ የሚባለውና የጃፓኑ ራንቹ የዚህ ወገን ናቸው፤ ሁለቱን የሚለያቸው የራንቹ ጀርባ እንደ ቀስት ጐብጦ ወደ ጅራቱ ድንገት ማቈልቈሉ ነው። ዐይኖቹ ወደ ሰማይ የተገለበጡት ሰማይ ተመልካችና ከዐይኖቹ ሥር ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያንጠለጥለው ፊኛ ዐይን እንደዚሁ የጀርባ ክንፍ የላቸውም። ሉል ቅርፊት የሚባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ማዕድን ተከማችቶ እንደ ሉል ጉብ ጉብ ይልበታል።

ጉድለቱን ያልጣለው እጅ

ይህ ሁሉ ልዩነት እንዴት እንደመጣ ሳይንስ ቀስ በቀስ ገልጦታል። ቸን ጀን በ1928 ባሳተመው ጥናት፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ ዓሣ መስታወት መሰል ቅርፊት ካለው ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ዝንጉርጉር እንደሚሆኑ፣ ሁለት ዝንጉርጉሮች ሲዳቀሉ ደግሞ ከአራት ልጆች በአማካይ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ መስታወት መሰል፣ ሁለቱ ዝንጉርጉር እንደሚሆኑ አሳየ። ስለዚህ ዝንጉርጉር ዘር በራሱ ጸንቶ አይቆምም፤ በየትውልዱ መምረጥ የግድ ነው።

በ2014 በታይዋን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጥንድ ጅራትን ምክንያት አገኙ፤ ኮርዲን በሚባል ዘረመል ላይ የደረሰ ጉድለት ነው። የዚህ ዘረመል መበላሸት በሌሎች እንስሳት ብዙውን ጊዜ ሽሉን ይጐዳል። የወርቃማው ዓሣ ቅድመ አያት ግን ከ14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መላው የዘር መዝገቡ ተባዝቶ ስለነበር የኮርዲን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ሲጐድል ሌላው ሕይወቱን ያቆያል፣ ጅራቱ ብቻ ይከፈላል። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ የዘንዶ ዐይን ከሌላ ዘረመል መጓደል ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል።

ይህን በቀላል ቋንቋ ስንተረጉመው፣ ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ጋን ውስጥ ጅራቱ የተሰነጠቀ ግልገል ታየ። በዱር ቢሆን ከዚያ ቀን አይተርፍም ነበር። አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ግን ጐንበስ ብሎ አየውና አልጣለውም። የዛሬው ጥንድ ጅራት ሁሉ መነሻው ጉድለትን እንደ ውበት ያነበበ የአንድ ዐይን ፍርድ ነው።

ሆኖም እውነቱን ሙሉውን መናገር ይገባናል። ባለቅኔ ሲሳሳት ወረቀቱ አያመውም፤ የአርቢው ወረቀት ግን ሕመም የሚሰማው ፍጡር ነው። ሰማይ ተመልካቹ ከፊቱ ያለውን ምግብ በደንብ አያይም፤ የፊኛ ዐይን ከረጢት በሹል ድንጋይ ይቀደዳል፤ እንቁላል መሰል ሰውነት የአየር ከረጢቱን ስለሚያጣብበው ዓሣው አንዳንድ ጊዜ ሚዛኑን ስቶ ይገለበጣል። ስለዚህ የሠሪውን ጥበብ ስናደንቅ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ አንርሳ።

አንድ ትውልድ ሲቋረጥ

ይህ ጥበብ ምን ያህል በቀጭን ክር እንደተንጠለጠለ ሁለት ማስረጃ እናቅርብ። በጃፓን የኮቺ አውራጃ ቶሳኪን የተባለ፣ የጅራቱ ጫፍ እንደ አበባ ወደ ፊት የሚታጠፍ ዘር ነበር። በ1945 የአየር ድብደባና በ1946 የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ዘሩ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ያለው ሁሉ ከጥቂት የተረፉ ዓሦች በሰዎች ትዕግሥት እንደገና የተራባ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ጥፋቱ በሰው አስተሳሰብ የደረሰ በመሆኑ ይበልጥ ያሳዝናል። በቻይና ከ1966 እስከ 1976 በተካሄደው የባህል አብዮት ዘመን ወርቃማ ዓሣ ማርባት እንደ አበባ መትከልና ወፍ እንደ ማኖር ሁሉ የከበርቴ ልማድ ተብሎ ተነቀፈ፤ ጋኖች ተሰበሩ፣ በብዙ ትውልድ ልፋት የቆዩ ዘሮች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። ይህን ያደረጉት ወጣቶች የነገሥታቱን መጫወቻ የሚያጠፉ መስሏቸው ነበር። ስሕተታቸው የታሪክ ስሕተት ነው፤ ዕቃውን ከገዛው ሰው እንጂ ከሠራው ሰው ጋር አላያያዙትም። በእጃቸው የሰበሩት ከቺያንታንግ በር ውጭ ይኖር የነበረውን፣ በቦይ ዳር ትል ሲለቅም ውሎ የሚያድረውን የዚያን ሰው ሥራ ነው። የጥበብ ሥራ በጌታ እልፍኝ ስለተገኘ ብቻ የጌታ ነው የሚል ሰው፣ ሳያውቀው ጌታው ራሱ የተናገረውን ይደግማል።

ደግነቱ ሁሉም አልጠፋም። በየጓሮው የተረፉትን ይዘው ከአብዮቱ ማብቃት በኋላ አርቢዎች እንደገና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ዛሬም ቻይና የዓሣው ዋና ምንጭ ናት።

የጠባቂው ድርሻ

ይህን ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው እንግዲህ የተራ ጌጥ ባለቤት ሳይሆን የአንድ ረጅም ሥራ የዕለቱ ተረኛ ነው። ተረኛነቱም ግዴታ አለበት። ትንሿ ክብ ብርጭቆ ለዓሣው ቤት ሳትሆን ቀስ ብላ የምትገድል እስር ቤት ናት። ዓሣው በስንጥቡና በዐይነ ምድሩ የሚያስወጣው አሞኒያ በጥቂት ውኃ ውስጥ ሲከማች ይመርዘዋል። ለአንድ ጥንድ ጅራት ዓሣ ቢያንስ 40 ሊትር ያህል ውኃ፣ ሰፊ የውኃ ገጽና ማጣሪያ ያስፈልገዋል። በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ብዙ ሳምንት ስለሚወስድ፣ በአዲስ ገንዳ ዓሣ ማብዛት አይገባም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመር፤ ውኃውም በአንድ ጊዜ ሁሉም ሳይሆን በየሳምንቱ ከፊሉ ይለወጥ።

ምግቡ ጥቂት ይሁን፤ ይህ ዓሣ ጨጓራ የለውም፣ የሚሰጡትን ሁሉ ግን ይለምናል። ፈጣኑን ባለ ነጠላ ጅራት ከዘገምተኛው ኦራንዳ ወይም ከዘንዶ ዐይኑ ጋር ማኖር ደካማውን ማስራብ ነው። በሰለቸን ጊዜም ወደ ወንዝና ሐይቅ መልቀቅ ምሕረት አይደለም፤ ጌጠኛው ዓሣ ወዲያው ይበላል፤ የተረፈው ደግሞ ተራብቶ የአገሩን ዓሣ ይሻማል። ዘሩ በዱር ከቀጠለም ከጥቂት ትውልድ በኋላ ወርቁ ይጠፋና ያ የጥንቱ አመድማ አረንጓዴ ይመለሳል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ከመስታወቱ ገንዳ ያልፋል። የሺህ ዓመት ሥራ በጥቂት ዓመታት ቸልታ ወደ ጭቃ መልክ ሊመለስ ይችላል። ሐውልት ቢረሳ ሳርና ቍጥቋጦ ይለብሳል እንጂ አለ፤ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ የሚተላለፍ ጥበብ ግን አንድ ትውልድ እጁን ከሰበሰበ የለም። የሽማግሌው ዜማ፣ የሸማኔው ጥለት፣ የሸክላ ሠሪዪቱ የእጅ ልክ እንደዚሁ ናቸው። ሥራውን ለሰጡን ስም የለሽ ሰዎች ሐውልት ማቆም ባንችል፣ ስማቸውንም ማግኘት ባንችል፣ አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን፤ ይኸውም ጐንበስ ብለን ማየትና ተራችንን መጠበቅ ነው።